ትርፌ

ሽንብጥ፣ መዝገብ ቤት፣ መስኮት ቁጥር ሁለት፤
የሐይቁ ነፋስ ፎርሙን ሲያገላብጥበት
አንጓች ገባች፣ ልጇን አዝላ፣
የክትባት ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ።

"መቼ ነው የተወለደች?"
"ጳጉሜን ስድስት፣ ለእንቁጣጣሽ አጥቢያ፣
ሌሊት ሰባት ሰዓት። አባቷ ያን ለት
ከዘጌ ማዶ ነበር በታንኳ፣ መረብ ሊጥልበት።"

ጻፍሁት። ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ብሎ
መስከረም አንድ አደረጋት፣ ከአሥራ አንድ ወደ አሥራ ሁለት አዝሎ።

"አይደለም" አለች። "መች ነጋና?
ጨለማው እኮ የጳጉሜን ነው፤ ምጤን ይዤው ነበርና
ከኔ ወዲያ ማን ያውቃል?"

ምን ልበላት? ይህን ቀን መላሽ ያበጀሁት እኔ ነኝ፤
"አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም" ብሎ ስንት ሌሊት ያስለፋኝ፣
"አምስት ቀን፣ በሉቃስ ስድስት" እያልኩ
ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እንደ የኔታ ያስቆጠርኩ።

ከሥር ግን፣ ከወሩም ከቀኑም ሥር፣
ማሽኑ የሚያውቀው አንድ ቁጥር፤
ስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ለታኅሣሥ ሃያ ሦስት፣
ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት
ጀምሮ ሰከንድ ይቆልላል። ጣና ላይ ያን ሌሊት
ዜሮ ያለ ሰው አልነበር፤
ደንገሉ ተወዛወዘ፣ ጉማሬ ጋጠ ከውሃው ዳር።

የልጅቷን ቁጥር አወጣሁት፦
1568239200።
"የማን ስልክ ነው?" አለችኝ። አሥር አኃዝ ነውና አልፈረድኩባት፤
እኔ ግን ሳየው ደነገጥኩ፣ ደግሜ አሰላሁት በጣት።

በራሱ አገር፣ በግሪንዊች ሰዓት፣
ገና መምሸቱ ነው፤ ለእኩለ ሌሊት ሁለት ሰዓት ይቀረዋል፤
ገና ጳጉሜን ስድስት።
ማሽኑና አራሷ ሳይተዋወቁ ተስማምተው
መሀል ገብቼ፣ ሦስት ሰዓት ደምሬ፣
ያጣላኋቸው እኔው!

መስከረሙን ሰረዝኩ።
"ልደቷ በአራት ዓመት አንዴ ነው እንግዲህ" ብላት
"ይሁን፣ ዳቦው ይተርፈናል" አለች፣ ሣቅ እያመለጣት።

"ስሟስ?"
"ትርፌ።"

ፕሪንተሩ ከግርጌ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣
"ዲሴምበር" ብሎ አተመበት።
ነጭ ቀለም ፈልጌ ቀባሁበት።