ስድስት መቶ ሰማንያ ሜትር

ፉሪ ተራራ ሥር፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
ሰባተኛ «ለ» ክፍል፣ መስታወት ከሌለበት፣
በመስኮት ሳማትር ሸለቆ ነው ከፊቴ፤
ከሸለቆው ማዶ፣ ካባው ላይ፣ አባቴ።

መዶሻው ይነሣል በሁለት እጆቹ፤
ይወርዳል፤ አቧራው ይበናል ከእግሮቹ፤
ድምፅ ግን የለውም፤ ዲዳ ነው ድንጋዩ።
ቆይቶ፣ መዶሻው ሲሰቀል ከላዩ፣
ምንም ሳይነካ፣ አየር ላይ እንዳለ፣
«ቋ!» አለ።
ትንሽ ልጅ ሳለሁ ሰማይ የሚፈልጥ መስሎኝ፣
ስብርባሪው መቼ ይወርዳል? ብዬ እንቅልፍ ነሥቶኝ።

ዘንድሮ መምህር ድሪብሳ፣ ቤተ ሙከራ ባይኖረው፣
የልብስ ማስጫ ገመድ ከበር እስከ ጥግ ወጠረው፤
ወገቡ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረና
ጫፉን ነቀነቀው እንደገና፣ እንደገና።
ጉብታው ሮጠ፤ ግድግዳው ጋ ደረሰ።
ጨርቁ ግን እዚያው ተነሣ፣ እዚያው ተመለሰ።
«አያችሁ? ገመዱ አልተጓዘም፤ የተጓዘው ጉልበት ነው።
ሞገድ ማለት ይኸው ነው።
ብርሃን ዓይን እስኪርገበገብ አይጠብቅም፤
ድምፅ ግን፣ በአየር ላይ፣ በሰከንድ
ከሦስት መቶ አርባ ሜትር ብዙ አይርቅም።»

ስድስት ሰዓት ሆነ። አባቴ የመጨረሻዋን መታ፤
መዶሻውን ጣለ፤ ላቡን ጠረገ በነጠላው ጫፍ፤
አንድ...
ሁለት...
«ቋ!»
ባዶ እጁን ከቆመ ሰው ድምፅ መጣልኝ።
ሦስት መቶ አርባን አባዛሁት በሁለት፤
ስድስት መቶ ሰማንያ ሜትር ነው የአባቴ ርቀት።

ፈተና ላይ ጥያቄው፦ «መዶሻው ካረፈ፣ ጉልበቱ የት ገባ?»
ጻፍኩ፦ ጠዋት የበላው ቂጣ ክንዱን አነሣ፤
ክንዱ መዶሻውን፤ ከፍ ሲል እምቅ ጉልበት፣
ሲወርድ የእንቅስቃሴ፣ ሲያርፍ ብልጭታና ሙቀት፣
የድንጋይ ስንጥቅ፤ ቅንጣት ታህሉም
ድምፅ ሆና ሸለቆውን ተሻገረች።
መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም።
«ድካሙስ?» ብዬ ጨመርኩ ከሥሩ፤
ደግሞ ደለዝኩት። እሱ የለም በደብተሩ።

ማታ ልነግረው ስቀርብ አልሰማኝም።
ሃያ ዓመት ሙሉ ያ «ቋ» እኔ ጋ ብቻ አልደረሰም፤
እሱ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ሲገባ ደፍኖታል።
መዳፉን ይዤ ቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤
ሌላው ጥግ ሄጄ በጣቴ ሁለቴ መታሁት።
ድምፅ በብረት ውስጥ ይፈጥናል፣ ብሎናል መምህር።
አባቴ ቀና አለ። መዳፉን አላነሣም።
«ማን ነው?» አለኝ፣
እያወቀ።