አርባ አንድ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ክላይፔዳ ወደብ፣
ክሬኖቹ ከጉሙ አንገት አስግገው፣
የሰርቨሩን መዝገብ መስመር በመስመር ሳነብ
አንድ ሌባ አገኘሁ፣ በር ያልሰበረ ሰው።

በቁልፍ ነው የገባው።
የማን ቁልፍ? የዩስቲናስ፣ የመጋዘን ጸሐፊው፣
ለጡረታው ሁለት ክረምት የቀረው፣
ወረቀት ሲገልጥ ጣቱን የሚልስ ዝምተኛ ሽማግሌ።
ቁልፉም የአንዲት ሴት ስም፦ ዳንጉዎሌ፤
ከስሟ ቀጥሎ ቁጥር፣
አርባ አንድ።

በሩን ዘጋሁት። መስመሩን በጠስኩ።
ዱካውን ከሰርቨር ሰርቨር እየተከተልኩ
እስኪነጋ ጠረግሁ።

ሲነጋ አስጠራሁት። ኮፍያውን ጨብጦ ቆመ።
«በየዘጠና ቀኑ ቀይሩ ትላላችሁ፤
እኔም እቀይራለሁ» አለኝ፣ «አንድ እየጨመርኩ።
ከቀበርኳት ወዲህ።»

በልቤ አባዛሁ፤ ዘጠና በአርባ አንድ፣
ዐሥር ዓመት ግድም።
ሌባው አርባውን ከሌላ ቦታ ሰርቆ ነበር፤
አንድ መደመር ማንን ያቅተዋል?

ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦
ርዝመቱን፣ ምልክቱን፣ ዘጠናውን ቀን።
ሰው ሐዘኑን የት እንደሚያስቀምጥ
አንድም አንቀጽ የለኝ።

አዲስ ይለፍ ቃል ሰጠሁት፤
ሃያ ፊደል፣ ትርጉም አልባ፣ የማንም ያልሆነ።
በአንድ ጣቱ ሲለቅም ተሳሳተ፤
ደገመ፤ ደግሞ ተሳሳተ።
ፊቴን አዞርኩ፤
ይለፍ ቃል ሲጻፍ ዞር ማለት ደንብ ነው።
ከኋላዬ ግን፣ በፊደል ድምፅ መሃል፣
ያንን የድሮውን በከንፈሩ ሲለው ሰማሁ፣
እስከ ቁጥሩ፣
አርባ ሁለት ብሎ።

በሪፖርቴ ላይ ይህን አላሰፈርኩም።