ደፍ

አንጓች ብስክሌቷን ካጥር አስደግፋ፣
ግንዱን እንደ ዘመድ በሁለት እጅ አቅፋ፣
ባጉሊ መነጽር ቅርፊቱን ታያለች፤
ከስንጥቁ መሐል ሽበት ትፈልጋለች።

ሰው ሲሸብት ጊዜ «አረጀ» ይባላል፤
ዛፍ ግን ሲታመም ሽበቱን ይጥላል።
ሥር የለው፣ ቅጠል የለው፣
አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ የሚኖር፣
የነፋሱን ጉርሻ ሳያጣራ የሚውጥ፣
እኛ «ሽበት» ያልነው፣ መጽሐፉ «ሊከን» የሚለው ፍጡር፣
ከኛ በፊት ይታመማል።
ግን አያስልም።

ዘጌ ጫካው ውስጥ ነው ጺሙ እንደ መነኩሴ፤
ሁለት ስንዝር ተኩል፣ ለካሁት በራሴ።
ወደ ከተማው ስንመለስ ግን ያጥራል፦
ሌሊቱን ቆሻሻ ሲነድበት ካደረው ሜዳ ማዶ አንድ ጣት፤
ጡብ ማቃጠያው ጋ የጥፍር እከክ፤
መናኸሪያው በር ላይ፣ ባጃጆች ሲንተከተኩ በሚውሉበት፣
ሠላሳ አንደኛው ዛፍ፣ ምላጭ እንዳረፈበት
እንደ ምልምል ወታደር መላጣውን ቆሟል።
አንጓች «ባዶ» ብላ ጻፈች።
እርሳሷ ተሰበረ።

ቢሮ ገባን።
አቶ ልሳነወርቅ ሠንጠረዡን ዘርግተው፣
«የሰው ሳንባ ልኩ፣ ይኸው፣ አላለፈም፤
ባለፈው ዓመትም አንድ ቀን አልጣሰም»
አሉ፣ መነጽራቸውን በከረባት ጠርገው።
ክፉ ሰው አይደሉም።
የባጃጁን ዕዳ፣ የጡብ ተሸካሚውን የቀን ሒሳብ
ያውቁታል፤ የናታቸው ልጅ ጡብ ተሸክሟል።
«እና ለዛፍ ጺም ብዬ የሰው እንጀራ ልዝጋ?»

ዝም አልን። የሐይቁ ነፋስ መስኮቱን አንኳኳ።
እኔ ትናንት ይርሳው ያለኝን አሰብኩ፣
ደንገል እያሰረ፣ ታንኳው ጉልበቱ ላይ፦
«ጭስ ሽቅብ ሲወጣ የጠፋ ይመስላል፤
ክረምት ሲመጣ ግን ሐይቁ ላይ ይወርዳል።
ገበሬ ያልበተነው ማዳበሪያ ሆኖ
እምቦጩን ያሰባል፤ ደንገሌ ይከሳል።»
በየጣሪያው ያኖርናቸው የዝናብ ጠርሙሶች
ከፊሉን እውነት ብለውታል።
ምን ያህሉ ከማሳ፣ ምን ያህሉ ከጭስ፣
ገና አልለየንም።

አንጓች ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፤
ጫማዋን ከደፉ እንጨት ላይ አኖረች።
«የርስዎ ቤት ሐይቁ ዳር አይደል?
ያ ክረምት ትዝ ይልዎታል?
ጎርፉ ሳሎን ሳይገባ ደፉን ነው የሚልስ፤
ዕቃ የሚነሣው ደፉ ላይ ሲደርስ።
አልጋ ሲንሳፈፍማ መስመር የሚያሰምር
ውሃው ነው፤ ግድግዳ ላይ።
እኛ አይደለንም።

ዛፉ ደፋችን ነው።
እንጀራ ይዝጉ አላልንም፤ ደፉ ሲርስ እንይ፤
ሜዳው ላይ አይንደድ፣ የምድጃው ጭስ ይታይ።
ሳንባ እስኪናገር ነው የምንጠብቀው?
ደፉን ያላየ ሰው በግንባሩ ነው የሚደፋው።»

አቶ ልሳነወርቅ አልመለሱም።
ግን ሲሸኙን፣
ሃያ ዓመት ሳያዩ የተሻገሩትን እንጨት
ቆም ብለው አዩት፤
መሐሉ ጎድጉዷል፤ እግር በልቶታል።

ሰነዱ በሳምንቱ ተመለሰ።
ከሰው ልክ ከፍ ብሎ፣ በኅዳጉ፣ በእርሳስ፣
«የዛፍ ልክ ይቅደም?» ይላል።
የጥያቄ ምልክቷ ቀጥና፣ ተጠማዝዛ፣
ከዘጌ ቅርንጫፍ እንደ ወረደች አንዲት ጸጉር
ከወረቀቱ ላይ ተንጠልጥላለች።

«ይበቅላል?» አልኳት አንጓችን።
ፔዳሉን እየረገጠች፣
«ከተውንለት» አለች፣ «በዓመት የጥፍር ያህል»፤
ወደ ሠላሳ አንደኛው ዛፍ ታጠፈች።
ያንን ቀን ሰማዩ፣ ለዓይን፣ ጥርት ያለ ነበር።