ይዞ የተገኘ

ፉሚኤ ኦኩዴራ፣ የናጎያ ሴት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ከአንድ ማተሚያ ቤት፤
ጠረጴዛዋ ላይ ብሩሽ፣ ጥቁር ቀለም፣
ሌላ ሙያ የላት፣ ሌላ ዕቃም የለም።

በብዕር የተሣሉ፣ አፈር ያልረገጡ፣
ያልኖሩ ጎልማሶች ልብስ ጥለው ሲመጡ፣
ነውር የተባለውን ስፍራ ትደፍናለች፣
እፍ ብላ አድርቃ ገጹን ትገልጣለች።

ዘንድሮ ሬዲዮው ሕግ ሕግ ይላል፦
የሣለ ብቻ አይደለም፣ ይዞ የተገኘም ይቀጣል።
አንዱ፦ «ቀለም እኮ ነው! ቀለም ማንን ጎዳ?
ሰው እንዴት ይታሰር በወረቀት ዕዳ?»
አንዷ፦ «ዓይን የለመደውን እጅ መች ይፈራል?
ነገ ከገጹ ወርዶ ከደጃችን ያድራል።»
ሙጫ የምቀባው እኔ
ለሁለቱም ራሴን ነቀነቅሁ።

ምሳ ላይ ነገረችኝ።
«ልጄ ናትሱኖ፣ መምህርቷ፣ ማታ ደውላ፣
‹እማ፣ ሕጉን ደግፌ ፈርሜያለሁ› ብላ፣
ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
‹ቤት ያመጣሽው የለም አይደል?›
አንዲት ቅጠል የለም፣ አልኳት።

ግን መብራት ሳጠፋ፣ አንድ በአንድ ይመጣሉ፣
ጥቁሩ ሳይነካቸው፣ እንደተሣሉ።
አንባቢ ያላየውን አይቻለሁ እኔ፣
የደፈንሁት ሁሉ አልተደፈነም ከዓይኔ።
ፈታሽ ቢመጣብኝ፣ ቤቴን ቢበረብር፣
ግንባሬን ነው የምከፍት? ወይስ ዝም ብዬ ልቅር?»

ሳቀች። ሳቋ ሩቅ አልሄደም።
የሩዝ ሣህኗን ከድና ጣቷን በጨርቅ አሸች፤
ጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁር
እንደሁልጊዜው አለቀቀም።
ሌላ ገጽ ሳብ አደረገች።