አሥራ ሁለተኛው ቃል

ማናማ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፤ መስኮቱ ላይ ጨው፣
ከታች ድሮ ባሕር ነበር፣ ዛሬ መኪና ማቆሚያ ነው።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ክፍያዬ በሰዓት፣
በሁለት ሰው መሀል የቆምኩ እንደ መስታወት።

ሙኒራ አል-ጀውደር፣ የቡድኑ መሪ፣ ዐቃቤ ሕግ፣
ማታ ጫማዋን ታወልቃለች ከጠረጴዛው ጥግ፤
አምስት ሰው አስከትላ ሰንሰለት ታሳድዳለች፣
ድምፅ የሌለው ሰንሰለት፣ ቀለበቱን ትቆጥራለች፤
ከቦርሳ ወደ ቦርሳ፣ ከቦርሳ ወደ ቦርሳ፣
እግር የሌለው ገንዘብ፣ ዱካው የማይረሳ።
ዳኞቹ የሚጨበጥ ማስረጃ ይሻሉ፤
«ሌብነቱስ ይሁን፣ ዕቃው የት ነው?» ይላሉ።
እሷም ቀስት የሞላው ወረቀት ታነጥፋለች፣
ከጠረጴዛው አልፎ ሲወርድ ተንበርክካ ታነባለች።

ኡመትረህማን ከሪፋ መጣች፣ በዕረፍት ቀኗ፣
ተቀመጠች ሳትደገፍ፣ ቦርሳዋ ከጭኗ።
«ገንዘብሽ የገባው የትኛው ቦርሳ ነው?» አለች ሙኒራ፤
እኔም አስተረጎምኩ፣ ቃል በቃል፣ በተራ።
ልጅቱ ቦርሳዋን ወለል አድርጋ ከፈተች፣
ማበጠሪያ፣ ካልሲ፣ የፓናዶል ፍሬ አወጣች፣
«እዚህስ አልገባም፤ ይኸው፣ እዩት» አለች።

ማንም አልሳቀም።
ሙኒራ በእግሯ ዳብሳ ጫማዋን አገኘች፣
አጠለቀች።

ተከሳሹ ግን ቃል የለውም።
«የእምነት ክህደት ቃልህ?» ዝም። ጠበቃውም ዝም።
ገንዘቡን የቆለፈው አሥራ ሁለት ቃል ነው፣
ከፍሪጁ ጀርባ ተለጥፎ ፖሊስ ያገኘው፤
ድልድይ፣ ሎሚ፣ ክረምት፣ አጎት፣
ፍቺ የሌለው ግጥም፣ የሰው ላብ የታሰረበት።
የመጨረሻው ቃል ተቀዷል፤ ቡድኑ አልተኛም።
ሁለት ሺህ አርባ ስምንት ቃል አለ በመዝገቡ፣
አንድ በአንድ ሞከሩት፤ ሊነጋ ሲል ገቡ።

ባዶ።
የሠላሳ ፊልስ አቧራ።
«መዝግቡት፤ አቧራም ይቆጠራል» አለች ሙኒራ።

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይላሉ እኛ አገር፤
ጠጠርስ በተገኘ፤ ይወረወር ነበር።
ይኼን ለሙኒራ አልነገርኳትም።

በስተመጨረሻ ልጅቱ ቃሏን ሰጠች፤
በረኪና የላጠው እጇን ከቦርሳው ሥር ደበቀች።
«የራሴ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር፤
የአሥራ ስድስት ሴቶች ዕቁብ ነው።»
አሥራ አንድ ቃል። ከዚያ ሌሊት ወዲህ መቁጠር ለምዶብኛል።
ቀጥላ አንገቷን ደፋች፦ «ዳኛዋ...»
ሙኒራ ብዕሯን አነሣች፦ «የቷ ዳኛ?»

ዐረብኛ ዳኛ አለው፣ ካባ የደረበ፣
ክስ የሚሰማ፣ ሕግ ያነበበ፤
የዕቁብ ዳኛ ግን የለው፤ በዕረፍት ቀኗ የምትዞር፣
ደብተር በጉያዋ፣ ስም የምትጠራ በየበር፣
የጎደለ ሲኖር ከገዛ ደሞዟ የምትሞላ፣
ይኸው አሁንም የምትሞላ፣ ሌላ ዓመት፣ ከዚያም ሌላ።

ሁለት ሴቶች፣ ሁለት መዝገብ፤ በመሀል እኔ።
«ጨርሳለች?» አለችኝ ሙኒራ።
አፌን ከፍቼ ነበር።
«ገና ናት» አልኩ።