ተራ ነገር

ከሌሊቱ ዘጠኝ። ከጦሳ ጉም ወርዶ
የሆስፒታሉን በር፣ መብራቱን ጋርዶ፣
ጦይባ ደወለች፣ የሌሊት ተረኛ፦
«ማሽኑ ፈዝዟል፤ ዐይኑን ገልጦ ተኛ።
የሕፃኑ ልብ ሲደክም ደወሉ ዘገየ፤
አንድ ደቂቃ ሙሉ ማንም ሳይሰማ ቆየ።»

ምድር ቤት ወረድኩኝ። ማራገቢያው ይጮሃል፤
ስክሪኑ ላይ ሰልፉ እንደ ጎርፍ ይፈሳል።
ክር እንለዋለን፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ
እንደሚጠመጠም ባይዳሰስ፣ ባይለካ፤
ፕሮግራም ሲራመድ የሚረግጥበት እግሩ፤
ኮሩ ግን ሁለት ነው፣ መቶ ነው ቁጥሩ።
«ማን ይቅደም? ማን ይቆይ?» የሚል አንድ ዳኛ
አስኳሉ ውስጥ አለ፣ ለአፍታ የማይተኛ።

ይህን ዳኛ ሳስብ ሐይቅ ነው የማየው፣
ጋሽ ሙሄን ወፍጮ ቤት፣ ቅንድቡን ዱቄት ያሸበተው።
ድንጋዩ አንድ ነው፣ መብራቱ ሦስት ሰዓት፤
ሰልፉ ከመስጊዱ እስከ ደብሩ ደረት።
ሙሉ ጆንያ አይፈጭም፤ ካንዱ አንድ ቁና፣
«በቃህ፣ ወደ ኋላ፤ ዞረህ ደግሞ ና።»
ለቅሶ ቤት ይቀድማል፣ ቀጥሎ አራስ ቤት፤
ሠርግ ቀኑን ያውቃል፣ መሽቶም ይፈጭለት።
ነጋዴ ይጠብቅ፤ ትርፍ አይራብም።

አረጋሽ ግን ማሽላ፣ ማሽላ ብቻ፤
ለቅሶ የላት፣ ሠርግ የላት፣ የላት አስቸኳይ ስልቻ።
ሰው ባለፋት ቁጥር ሙሄ ከሰል ያነሣል፣
ጆንያዋ ላይ አንድ መስመር ያሰምራል።
ሦስት መስመር ሲሞላ፦ «ቄስም ይምጣ ሸህ፣
ከእንግዲህ አያልፋትም፤ አንተም ቁም እዚህ!»
ተራ ሰው ነበረች። ተራዋ ግን ተራ አልነበረም።

አንድ ቀን ሰልፉ ጭርሱን ቆመ።
ሚዛኑ አንድ ብቻ። የሰባት ዓመት ልጅ
ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ሰቅሎ ይዞታል፤
ትንሽ ነውና ያገኘው ይገፋዋል፣
ሲገፋ ይፈሳል፣ ሲፈስ ይለቅማል፣
ሲለቅም አይለቅም።
ከኋላው ለቀስተኛ፣ ከቢስጢማ የመጣ፣
ቤቱ እንግዳ ሞልቶ ዱቄት ግን ያጣ፣
የመጀመሪያው ሰው፣ ከሁሉ ቀዳሚ፣
በመጨረሻው ልጅ ደጅ ሆነ ቋሚ።
መሀል ያሉት ብቻ፣ ቀድመው የመዘኑ፣
እየሳቁ ያስፈጫሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሳይባዝኑ።

ጋሽ ሙሄ ድንጋዩን አቆመ።
«ሚዛኑን እስኪለቅ፣» አለ፣
«ይህ ልጅም ለቀስተኛ ነው!
መንገድ ስጡት!»

መንገድ ተከፈተ። መዘንኩ። ለቀቅኩ።
ወዲያው ወደ ቦታዬ፣ ወደ ጭራው ተመለስኩ።
ሽምብራዬን ያስፈጨሁት በማግሥቱ ነው።

ደሴም ያው ሆነብኝ። መዝገብ ጸሐፊው ክር፣
ከሁሉ የታችኛው፣ ቁልፍ ይዞ ቀርቷል ከዳር፤
የልቡ ደወል በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣
የደመወዝ ሪፖርት መሀል ለመሀል ያልፋል።
አንድ መስመር ጻፍኩኝ፦ ቁልፉን እስኪፈታ
የሚጠብቀውን ማዕረግ ይዋስ ለአፍታ።
ተዋሰ። ጻፈ። ፈታ። ወረደ።
ደወሉ ጮኸ፤ በጦይባ ሩጫ ኮሪደሩ ነጎደ።

ጉሙ ገና አልተነሣም።
ከስክሪኑ ግርጌ አንድ ክር አለ፣
ሌላው ሁሉ ሲተኛ ብቻ የሚነቃ፤
ሥራው ምንም አለመሥራት ነው።
ጋሽ ሙሄም መብራት ሲጠፋ
ደጃፉ ላይ እንዲሁ ይቀመጥ ነበር፣
ከሰሉን በጣቶቹ እያገላበጠ፤
የማን ጆንያ ስንት መስመር እንደቀረው
ያሰላ ነበር መሰለኝ።