የቀረ ባቡር

ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በጣቢያው ደጃፍ ላይ
ኤውሎሂዮ ጎማውን ሲዳስስ፣ ሲያስተያይ፣
ሐብሐብ እንደሚገዛ በጣቱ መታ አርጎ
ከጎማው ሆድ ውስጥ አንዳች ድምፅ ፈልጎ፣
"በስሏል" አለኝና ኮርቻው ላይ ወጣ።
ሰማንያ አንድ ዓመቱ። ይህ አመል የመጣው
ኩስቶዲያን ቀብሮ ቤቱ ዝም ሲል ጊዜ፤
"እግር ሥራ ሲፈታ ልብን ነው የሚረግጠው"
ይላል ሁልጊዜ።

እስከ ኦልቬራ ድረስ መንገዱ የባቡር ነው።
ማለቴ፣ ለባቡር ተብሎ የተቀደደ ነው።
ተራራው በድማሚት ደጋግሞ ተበስቶ፣
ድልድዩ ሸለቆውን በቅስት አልፎ ወጥቶ፣
ጣቢያው እስከ መስኮቱ፣ እስከ ሰዓቱ ተሠርቶ፣
ገንዘቡ አለቀ።
ጦርነቱ መጣ።
አንድም ፉርጎ ሳያልፍ፣ አንድ መንገደኛ ሳይወጣ
ባቡሩ ቀረ።

መንገዱ ቀረ።

ባቡር ዳገት አይወድም። ይህን ያወቁ መሐንዲሶች
ለብረቱ ጉልበት አዝነው ያለዘቡት አቀበት፣
በእርሳስ ያሰሉት፣
በገመድ የለኩት፣
ይኸው ደረሰለት
ለኤውሎሂዮ ጉልበት።
እኔ፣ በአርባ ዓመት የማንሰው፣ ከኋላው አለከልካለሁ።
ድንጋዩ ሲሞቅ ጦስኙ ይሸታል፤
ወይራው በረድፍ ቆሞ አንድ በአንድ ያየናል፤
የእሱ ካቴና ይንሾካሾካል፣
የኔው ይንቋቋል።

ከአለቱ አናት ላይ ጥንብ አንሳዎች ተነሱ፣
ክንፍ ሳያርገበግቡ ከላያችን ደረሱ።
ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ሰጣቸው፤
"ገና ነኝ! ገና ነኝ!"
ብሎ መለሳቸው።

አሥራ አንደኛው ዋሻ ጋ ግን ቀልድ የለም። ይወርዳል።
መብራቱን ያጠፋል።
እርጥብ ኖራ የሚሸት ጨለማ ይውጠናል፤
መዳፉን ዘርግቶ ግድግዳውን ያስሳል።
አባቱ ቶርኳቶ እዚህ ነው የቆፈረ፣
ደመወዙ ሽምብራ፣ ትርፉ ሳል የነበረ።
ከቀበቶ ከፍ ብሎ፣ ከመውጫው ወዲህ አንድ ቦታ
"አንዲት ፊደል ጭሬያለሁ" ብሎት ነበር አንድ ማታ፣
የትኛዋን እንደሆነ ሳይነግረው እንቅልፍ ወሰደው።
አሥር ዓመት ዳበሰ፣ በየጉዞው አንድ ክንድ፤
ያገኘው ውሃ ነው፣ ያገኘው የመሮ መንገድ።
ዛሬም አንድ ክንድ።
ዛሬም ውሃ።

ከዚያ ይወጣና ሁለት ጣቱን ከአፉ ከትቶ
ያፏጫል እንደ ባቡር፣ ጉንጩን እንደ ከበሮ ወጥሮ።
ከወዲያ ይመጡ የነበሩ ሁለት የሆላንድ ሰዎች
ግድግዳው ላይ ተለጠፉ እንደ ሁለት ማስታወቂያዎች።
ይቅርታ የጠየቁትም እነሱ ናቸው።

የመጨረሻው ጣቢያ ዛሬ ምግብ ቤት ነው። በቲኬቱ መስኮት
ፊሎሜና ትሸጣለች፤ ቲማቲም የተቀባ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ የፍየል አይብ።
"ባቡሩ በስንት ሰዓት ነው?" ይላታል።
ሳህን እየወለወለች፣ ቀና ሳትል፣ "ዘግይቷል።"
"በስንት?"
"በዘጠና ዓመት።"
"እንግዲያስ ልቀመጥ" ይላል፤ ይቀመጣል።
ዛሬ ግን ሳህኑን አስቀምጣ እጁን አየችው፣
ከጥፍሩ ሥር የተጋገረውን ኖራ።
ብዙ ቆየች።
"ታጠብ" አለችው።

ስንመለስ መሸብን። ጎማዬ ተነፈሰ፤
ያልበሰለው የኔው ኖሯል።
"ቀድመህ ሂድ" አልኩት፤ ሳቀና ቀደመኝ።
የጀርባው ቀይ መብራት በዋሻው አፍ ገብቶ
ፍም አከለ፣ ክብሪት አከለ፣ ጠፋ።
እኔ ፓምፔን ስጫን፣ ስለቅ፣
ኮከብ በዛ፣ ድንጋዩ ሙቀቱን ተፋ፤
ብቻዬን መሆኔን ልብ ስል፣ ከዋሻው ሆድ፣ ከሩቅ
ፉጨት መጣ።

ብስክሌቴን ስቤ
ከመስመሩ ወጣሁ።